ጨው፣ ስኳርና የጥርስ ሳሙና እርግዝናን ይለያሉ?

የወር አበባዋ የቀረባት ሴት ከሁሉ አስቀድማ ማወቅ የምትሻው እርጉዝ መሆን አለመሆኗን ነው። ወደ ጤና ተቋም ሳይሄዱ፣ ማንም ሳያውቅ፣ በጓዳ ውስጥ በሚገኝ ነገር መልሱን ማግኘት እንደሚቻል የሚገልጹ መልእክቶች በማኅበራዊ መገናኛ ብዙኃን ይዘዋወራሉ። ሽንትን ከጨው፣ ከስኳር፣ ከጥርስ ሳሙና፣ ከአቼቶ ወይም ከበረኪና ጋር መቀላቀል ከሚመከሩት መካከል ናቸው። ይሁንና ከእነዚህ አንዱም እርግዝናን መለየት አይችልም።

እርግዝና በሽንት የሚታወቀው እንዴት ነው?

ጽንሱ ከማሕፀን ግድግዳ ጋር ሲጣበቅ፣ ወደፊት የእንግዴ ልጅ የሚሆኑት ሕዋሳት ኤችሲጂ የተባለ ሆርሞን ማመንጨት ይጀምራሉ። ይህም የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል ከወጣ ከ6 እስከ 12 ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሆርሞኑ መጠን በየ2 እና በየ3 ቀኑ በእጥፍ ገደማ እያደገ ይሄዳል፤ ከደምም ወደ ሽንት ያልፋል።

በመድኃኒት ቤት የሚሸጠው የእርግዝና መመርመሪያ ይህንኑ ሆርሞን ለይተው የሚይዙ አንቲቦዲዎች አሉት። ሆርሞኑ በበቂ መጠን ሲገኝ ከአንቲቦዲዎቹ ጋር ይያያዛል፤ ሁለተኛውም መስመር ቀለም ይዞ ይታያል። ጨውም ሆነ ሳሙና እንዲህ ያለ የመለየት ችሎታ የላቸውም።

የጓዳ ቁሶች የሚያሳዩት ምንድን ነው?

የጥርስ ሳሙና፦ ሽንት ሲጨመርበት አረፋ ከደፈቀ እርግዝና አለ ይባላል። ብዙ የጥርስ ሳሙናዎች ካልሲየም ካርቦኔት አላቸው፤ ይህ ንጥረ ነገር አሲድነት ያለው ፈሳሽ ሲያገኘው ጋዝ ይለቃል። የሽንት አሲድነት ደግሞ እንደ ተበላው ምግብና እንደ ተጠጣው ውኃ ከሰዓት ሰዓት ይለዋወጣል። ስለዚህ የወንድ ሽንትም ሊያስደፍቀው ይችላል። ቤኪንግ ሶዳ የሚደፍቀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ስኳር፦ ሳይሟሟ ከተጓጎለ የእርግዝና ምልክት ነው ይባላል። የስኳር መሟሟት ግን የሚወሰነው በመጠኑ፣ በሽንቱ ሙቀትና በመማሰሉ ነው።

ጨው፦ ሽንቱ ወተት መስሎ ከደፈረሰ እርግዝና አለ ይባላል። ሽንት በውስጡ ባሉት ማዕድናት፣ በውኃ እጥረት ወይም በኢንፌክሽን ምክንያት ሊደፈርስ ይችላል።

በረኪና፦ ከሁሉ የከፋው ይህ ነው። በረኪና ሽንት ውስጥ ከሚገኙት አሞኒያና ዩሪያ ጋር ሲገናኝ ክሎራሚን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይፈጠራል። ጋዙ ዓይንን፣ ጉሮሮንና ሳንባን ይጎዳል፤ በተለይ አስም ላለባት ሴት አደገኛ ነው። ፈጽሞ መሞከር የለበትም።

ታዲያ ለምን ይታመናሉ?

መልሱ ከሁለት አንዱ ብቻ በመሆኑ በግምት የተነገረውም ብዙ ጊዜ እውነት ሆኖ ይገኛል። የወር አበባዋ ከቀረ በኋላ የምትሞክር ሴት ቀድሞውኑ እርጉዝ የመሆን ዕድሏ ሰፊ ነው። የተሳካው ሙከራ ከአፍ አፍ ሲወራ፣ ያልተሳካው ተረስቶ ይቀራል።

በሽንት እርግዝናን የማወቅ ፍላጎት አዲስ አይደለም። የጥንት ግብፃውያን ከ3 ሺህ ዓመታት በፊት ሴቲቱ በስንዴና በገብስ ላይ እንድትሸና ያደርጉ ነበር፤ እህሉ ከበቀለ አርግዛለች ይሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 በግብፅ የተደረገ ሙከራ ከነፍሰ ጡሮች በተወሰዱ ናሙናዎች እህሉ 70 በመቶ ያህል መብቀሉን አሳይቷል። ይህም ማለት ከ10 ነፍሰ ጡሮች ሦስቱ “አላረገዝሽም” ይባሉ ነበር ማለት ነው።

የተሳሳተ መልስ ምን ያስከትላል?

“እርግዝና የለም” የሚል የሐሰት ውጤት ያገኘች ሴት አልኮል መጠጣቷን ወይም ጽንስን የሚጎዳ መድኃኒት መውሰዷን ልትቀጥል ትችላለች። የጽንሱ አንጎልና አከርካሪ የሚፈጠሩበት ቱቦ የሚዘጋው ከተጸነሰ በኋላ ባሉት 4 ሳምንታት ውስጥ በመሆኑ፣ ፎሊክ አሲድ በጊዜው አለመውሰድም ጉዳት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ሴት የመጀመሪያውን የቅድመ ወሊድ ክትትል እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ እንድትጀምር፣ በጠቅላላውም ቢያንስ 8 ጊዜ እንድትታይ ይመክራል።

ከማሕፀን ውጭ የሚፈጠር እርግዝና ደግሞ በጊዜው ካልታወቀ ውስጣዊ መድማት አስከትሎ ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል። የወር አበባ ከቀረ በኋላ በአንድ ጎን የሚሰማ ከባድ የሆድ ሕመም፣ የደም መፍሰስ፣ የትከሻ ሕመም ወይም ራስን መሳት ከታየ ውሎ ሳያድር ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

“እርግዝና አለ” የሚለው ስሕተትም ቀላል አይደለም። የወር አበባ በጭንቀት፣ በክብደት ለውጥ፣ በታይሮይድ ሕመም፣ ጡት በማጥባት ወይም በየ3 ወሩ በሚሰጠው የወሊድ መከላከያ መርፌ ምክንያት ሊቀር ይችላል። አርግዣለሁ ብላ መርፌውን የምታቋርጥ ሴት ላልታቀደ እርግዝና ትጋለጣለች፤ ሕመም ያለባትም ሳትታከም ትቆያለች።

ትክክለኛው ምርመራ

በመድኃኒት ቤት የሚገኘው መመርመሪያ በአግባቡ ከተጠቀሙበት እጅግ አስተማማኝ ነው። የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈ መሆኑን ማየት፣ የወር አበባ ከቀረበት ቀን በኋላ መመርመር፣ የጠዋት የመጀመሪያውን ሽንት በንጹሕ ዕቃ መቀበልና ውጤቱን በመመሪያው በተጻፈው ደቂቃ ማንበብ ያስፈልጋል። ዘግይቶ የሚታይ ደብዛዛ መስመር ሊያሳስት ይችላል። ብዙ ውኃ መጠጣት ሽንትን ስለሚያቀጥነው ሆርሞኑ ሳይታይ ሊቀር ይችላል።

ውጤቱ “የለም” ቢልም የወር አበባ ካልመጣ ከሳምንት በኋላ ምርመራውን መድገም ይገባል። በቅርቡ የወለደች ወይም ውርጃ የገጠማት ሴት ሆርሞኑ ከሰውነቷ ሙሉ በሙሉ ስላልወጣ “አለ” የሚል ውጤት ልታገኝ ትችላለች፤ እንዲህ ሲሆን በጤና ተቋም የደም ምርመራ ወይም አልትራሳውንድ ያስፈልጋል።

ብዙ ሴቶችን ወደ ጓዳ ሙከራ የሚገፋቸው እፍረትና ወሬ እንዳይወጣ መፍራት ነው። ሆኖም የጤና ባለሙያ የታካሚን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት። በአገራችን በመንግሥት ጤና ተቋማት የእናቶች የእርግዝና ክትትልና የወሊድ አገልግሎት ያለ ክፍያ ይሰጣል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም በየቀበሌው ይገኛሉ። የወር አበባዋ የቀረባት ሴት ጥያቄዋን ይዛ መሄድ ያለባት ወደ እነርሱ ነው።