በክር የሚለካ፣ በድንበር የሚረዝም መንገድ

ሁለት አይሮፕላን ጣቢያዎች ምን ያህል ይራራቃሉ ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ቁጥር ብቻ ይመስላል። ታሪኩ ሲመረመር ግን ቁጥሩ ሁለት ነው። አንዱን ምድር ትሰጣለች፤ ሁለተኛውን መንግሥታት ይወስኑታል።

የመጀመሪያውን ቁጥር ለማግኘት መንገዱን ያሳየን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የኖረው ኤራቶስቴንስ ነው። ቀኑ እጅግ በሚረዝምበት ዕለት፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ዛሬ አስዋን በምትባለው የዓባይ ዳር ከተማ ፀሐይ ልክ ከአናት በላይ ትሆናለች። በዚያው ሰዓት በእስክንድርያ የቆመ ዘንግ ግን ጥላ ይጥላል። ሊቁ የጥላው ማዕዘን የክብ አንድ ሃምሳኛ መሆኑን ስላገኘ፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ርቀት በ50 አባዝቶ የምድርን ዙሪያ አሰላ። እኛም 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነውን ዙሪያ ለ360 ዲግሪ ብናካፍል፣ ለአንዱ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ይደርሰዋል።

ይህንን በሄልሲንኪና በቶኪዮ እንፈትነው። በጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ መለካት ያሳስታል፤ ምድር ድቡልቡል ናትና። በሉል ላይ ክር ብንወጥር ግን ክሩ ወደ ሰሜን ታጥፎ በሳይቤርያ በኩል ያልፋል። ርዝመቱ ከ70 ዲግሪ ጥቂት ይበልጣል፤ ይኸውም 7,800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው።

ይሁን እንጂ የሳይቤርያ ሰማይ ለሁሉም ክፍት አልነበረም። የፊንላንድ አየር መንገድ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1983 ወደ ቶኪዮ ያለ ማረፊያ መብረር ሲጀምር፣ የሶቪየትን ግዛት ለመሸሽ በሰሜን ዋልታ ዞሮ በቤሪንግ የባሕር ሰርጥ ይወርድ ነበር። ጉዞው 13 ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር። ኋላ ሰማዩ ሲከፈት ወደ 9 ሰዓት ተኩል አጠረ። በ2022 የዩክሬን ጦርነት ሲነሣና የሩሲያ ሰማይ ሲዘጋ፣ እንደ ገና 13 ሰዓት ሆነ። በዚህ ሁሉ ዘመን ክሩ የጣት ያህል እንኳ አልረዘመም።

ለእኛ የሚቀርብ ምሳሌም አለ። አዲስ አበባና አስመራ በአንድ የኬንትሮስ መስመር ላይ የተቀመጡ ያህል ስለሆኑ ሥሌቱ ቀላል ነው። ቦሌ በ9 ዲግሪ፣ የአስመራው ጣቢያ በ15.3 ዲግሪ ሰሜን ይገኛሉ። ልዩነቱ 6.3 ነው፤ በ111 ሲባዛ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ሆኖም ከ1998ቱ ጦርነት እስከ ሐምሌ 2018 ድረስ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው በአየር የሚሄድ ሰው በሦስተኛ አገር መዞር ነበረበት። በረራው ሲከፈት 20 ዓመት ተለያይተው የቆዩ ቤተሰቦች ተገናኙ። በመስከረም 2024 ግን የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራውን አቋረጠ።

እንግዲህ ለልጆቻችን ርቀትን ስናስተምር ሁለቱንም ቁጥሮች እናስተምራቸው። የመጀመሪያውን የሚለውጠው ማንም የለም። ሁለተኛው ግን የሰው ሥራ ነው፤ ሰው ዘግቶታል፣ ሰው ከፍቶታል። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ልጅ፣ አገሩ ራቀችኝ ሲል የራቀችው በኪሎ ሜትር ይሁን በድንበር ለይቶ ይናገራል።