በሞጆ አካባቢ የሚገኙ የታሪክ ሥፍራዎችና የተማሪዎች የታሪክ ጉብኝት

የተማሪዎች የታሪክ ጉብኝት ሲታሰብ በቅድሚያ የሚታወሱት አክሱም፣ ላሊበላና ጎንደር ናቸው። የእነዚህ ሥፍራዎች ክብር እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ጉብኝቱ በእነርሱ ብቻ ሲወሰን ከትምህርት አንጻር አንድ ጉድለት ይከተላል። ይኸውም ተማሪው ታሪክን ከጥርብ ድንጋይ ጋር ብቻ በማያያዝ፣ ሐውልትና ግንብ የሌለበት አገር ታሪክ የሌለበት ነው ወደሚል አስተሳሰብ ማዘንበሉ ነው። በሞጆ ከተማ የሚማር ልጅ የከተማውን ታሪክ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰው የባቡር ሐዲድ ነው። ይሁን እንጂ ሐዲዱ የተዘረጋበት ሜዳ ከዚያ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት የታላላቅ ድርጊቶች መድረክ ነበር። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሜዳ ለታሪክ ትምህርት እንዴት መጠቀም እንደሚቻል ማመልከት ነው።

ግንብ ያልተወ መንግሥት

በመካከለኛው ዘመን ዛሬ ሞጆ፣ ቢሾፍቱና አዳማ የሚገኙበት አካባቢ በአመዛኙ ፈጠጋር በሚባለው አውራጃ ውስጥ ይካተት ነበር። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተወለደው በዚሁ በፈጠጋር፣ ጥልቅ በተባለው ሥፍራ ነው። ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በ1512 ዓ.ም. መጥቶ እስከ 1518 ዓ.ም. በአገሪቱ የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ፈጠጋር በእህልና በከብት የበለጸገ ሜዳማ አገር መሆኑን ጽፏል።

ይህን ያህል ታላቅ የነበረ መንግሥት በአካባቢው ቤተ መንግሥት ያልተወው ስለ ምንድን ነው? መልሱ የመንግሥቱ አኗኗር ነው። የዚያ ዘመን ነገሥታት በአንድ ቦታ ረግተው አይቀመጡም ነበር። ንጉሡ፣ መኳንንቱ፣ ካህናቱ፣ ሠራዊቱና ነጋዴው በድንኳን ሰፍረው ይቆዩና፣ የአካባቢው ማገዶና ስንቅ ሲመናመን ወይም የአገር ጸጥታ ሲያስገድድ ሰፈሩ ተነሥቶ ወደ ሌላ አገር ይጓዛል። አልቫሬዝ እንደገለጸው በሰፈሩ ውስጥ እያንዳንዱ ባለማዕረግ የታወቀ ቦታ ነበረው፤ አብያተ ክርስቲያናቱ ድንኳኖች ነበሩ፤ ገበያውም ከሰፈሩ ጋር ይጓዝ ነበር። ዛሬ የምንጠቀምበት «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ከዚህ አሰፋፈር ጋር የተያያዘ ነው። ዐፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻ እስካደረገ ድረስ ይህ ሥርዓት ጸንቶ ኖሯል። ስለሆነም በሞጆ ዙሪያ የግንብ ፍርስራሽ አለመታየቱ የታሪክ ማነስን ሳይሆን የአስተዳደሩን ጠባይ የሚያሳይ ማስረጃ ነው።

ሽምብራ ኩሬ

ከአካባቢው ድርጊቶች ሁሉ ይበልጥ የሚታወቀው በመጋቢት ወር 1521 ዓ.ም. የተደረገው የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ሥፍራውን በዱከምና በሞጆ መካከል በተዘረጋው ሜዳ አካባቢ ያኖሩታል። በዚህ ጦርነት የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ሠራዊት የዐፄ ልብነ ድንግልን ሠራዊት ድል አደረገ። ውጊያው ከዚያ በኋላ ለዐሥራ አራት ዓመት ያህል የቀጠለውን ጦርነት በር የከፈተ ነበር። ዐፄ ልብነ ድንግል እ.ኤ.አ. በ1540 በስደት ላይ እንዳለ ዐረፈ፤ ኢማሙም በ1535 ዓ.ም. በወይና ደጋ ጦርነት ተገደለ።

ጦርነቱን ለማስተማር ሁለት ተቃራኒ ምንጮች መገኘታቸው ለመምህሩ ታላቅ ዕድል ነው። ከኢማሙ ወገን የነበረው ዐረብ ፈቂህ «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» በተባለው የዐረብኛ መጽሐፉ የንጉሡን ጦር 16,000 ፈረሰኛና ከ200,000 በላይ እግረኛ፣ የኢማሙን ደግሞ 560 ፈረሰኛና 12,000 እግረኛ ያደርገዋል። የንጉሡ ወገን ዜና መዋዕል በበኩሉ ለንጉሡ ከ3,000 በላይ ፈረሰኛና ቍጥር የሌለው እግረኛ፣ ለኢማሙ 300 ፈረሰኛና ጥቂት እግረኛ ይሰጣል።

አሸናፊው ወገን የጠላቱን ብዛት ቢያገንን የሚያስገርም አይደለም። ተሸናፊው ወገን ግን የአሸናፊውን ጦር ይበልጥ ማሳነሱ ለምንድን ነው? ተማሪው መመርመር ያለበት ይህን ነው። አንዱ ድሉን የአምላክ ርዳታ፣ ሌላው ሽንፈቱን የአምላክ ቁጣ አድርጎ ስላየው፣ ሁለቱም የኃይሉ ልዩነት ሰፊ ሆኖ እንዲታይ ይሻሉ። ተማሪው ይህን ሲረዳ፣ ቍጥር ራሱ የጸሐፊውን ዓላማ ሊሸከም እንደሚችል ይገነዘባል።

በሞጆ ክፍሎች የክርስቲያንና የሙስሊም ልጆች በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። በመሆኑም መምህሩ ጦርነቱን የአንዱ ወገን ኩራት የሌላው ኀፍረት አድርጎ ያቀረበው እንደሆነ፣ ጉብኝቱ ከሚያስገኘው ጥቅም ይልቅ ጉዳቱ ያመዝናል። ሁለቱን ምንጮች ጎን ለጎን ማንበብ ለትምህርት ጥራት ብቻ ሳይሆን ለልጆቹ መከባበርም ያስፈልጋል።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ታሪክ

የሜዳው ታሪክ በጦርነቱ አያበቃም። ከ16ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ በተከታታይ የተስፋፋው የኦሮሞ ሕዝብ በአካባቢው ሰፍሮ ሥርዓቱን ተከለ። እያንዳንዱ የገዳ ምድብ ሥልጣን የሚረከበው በየስምንት ዓመቱ ሲሆን፣ በዱከም አጠገብ የሚገኘው ኦዳ ነቤ ጉባኤ ይደረግባቸው ከነበሩት የታወቁ ሥፍራዎች አንዱ ነው። በመስከረም ወር ማብቂያ ገደማ በቢሾፍቱ በሆራ አርሰዲ የሚከበረው ኢሬቻም ከዚሁ ሥርዓት ጋር የተሳሰረ ነው። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እዚህም ቢሆን የሚታየው ግንብ ሳይሆን ዛፍና ውኃ ነው። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም የሚገኝበት የዝቋላ ተራራና በስተደቡብ በዝዋይ ሐይቅ ላይ ያሉት የደሴት ገዳማት ሲጨመሩ፣ ከሞጆ በቀን ጉዞ ሊደረስባቸው የሚችሉ ሥፍራዎች ለአንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት የሚበቁ ይሆናሉ።

የጉብኝቱ አፈጻጸም

ሀ/ ከጉብኝቱ በፊት፦ ተማሪዎች የሁለቱን ምንጮች ግምት በሠንጠረዥ ያወዳድሩ፤ በካርታም ላይ ዝቋላን፣ የረርን፣ ዱከምንና የሞጆን ወንዝ ያመልክቱ።

ለ/ በሥፍራው ላይ፦ መምህሩ ከማብራራት ይልቅ እንዲጠይቅ ያስፈልጋል። የአካባቢው መረሬ አፈር በክረምት ይጨቀያል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። ታዲያ ፈረሰኛ በነሐሴ እንዴት ይንቀሳቀሳል? በመጋቢትስ? ሽምብራ በክረምቱ ማብቂያ በአፈሩ በቀረው እርጥበት የሚበቅል ሰብል ነው፤ የጦር ሜዳው ስም ስለ አካባቢው እርሻ ምን ይነግረናል? በሺህ የሚቈጠር ሰውና ከብት ለመስፈር ውኃ ከወዴት ያገኛል? እነዚህን ጥያቄዎች የጂኦግራፊና የእርሻ መምህራን ከታሪክ መምህሩ ጋር ቢያዘጋጇቸው ይመረጣል።

ሐ/ ከጉብኝቱ በኋላ፦ እያንዳንዱ ተማሪ በመንደሩ ካሉ ሽማግሌዎች የወንዝ፣ የጉብታና የመስክ ስሞችን ጠይቆ ትርጉማቸውን ይጻፍ። ስሞቹም በኦሮምኛም ሆነ በአማርኛ እንደ ተነገሩ ይመዝገቡ።

ማጠቃለያ

ሞጆ ዛሬ የአገሪቱ የገቢና የወጪ ዕቃ መተላለፊያ ነው። ደረቅ ወደቡ፣ በ2007 ዓ.ም. የተከፈተው የአዲስ አበባ–አዳማ ፈጣን መንገድ፣ አዲሱ የባቡር መስመርና ፋብሪካዎቹ በዚሁ ሜዳ ላይ ተሠርተዋል። ልማቱ አስፈላጊ መሆኑ አያጠያይቅም። ነገር ግን ግንብ ያለው ቅርስ ሲፈርስ ይታያል፤ ግንብ የሌለው ግን ማንም ሳያስተውለው ይጠፋል። መስኩ ሲታጠር የመስኩ ስም ከሽማግሌው ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ የትምህርት ዕቅድ አውጪዎች ሦስት ነገሮችን ቢያጤኑ ይበጃል። አንደኛ፣ በዓመታዊው የትምህርት ካላንደር ከመኸር በኋላ ለአካባቢ ጉብኝት አንድ ቀን ይመደብ። ሁለተኛ፣ የመምህራን ማሠልጠኛ ተቋማት ዕጩ መምህራንን ሐውልት በሌለበት ሥፍራ ማስተማርን ያለማምዱ። ሦስተኛ፣ ተማሪዎች የሰበሰቧቸው የቦታ ስሞች በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በአንድ መዝገብ ተጠብቀው፣ ቀጣዮቹ ተማሪዎች በየዓመቱ እንዲጨምሩባቸው ይደረግ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ደብተር፣ እርሳስና በእግር የሚኬድ የግማሽ ቀን መንገድ ብቻ ነው።