የህንድ ሸማኔዎች እንዴት «አንሷሪ» ተባሉ?



በስደት አገር የምንኖር ብዙዎቻችን ሼኽ፣ ኻን፣ አንሷሪ ወይም ቁረይሺ የሚባሉ ህንዳውያን ጎረቤቶች አሉን። «አንሷሪ» ስንሰማ ሐሳባችን ወዲያው ወደ መዲና ይሄዳል፤ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ተቀብለው ወዳስተናገዱት ሶሃቦች። በሰሜን ህንድ ግን ይህን ስም በብዛት የያዙት የሸማኔ ልጆች ናቸው።

በህንድ የሰለመ ሰው ሃይማኖቱን ቢቀይርም ሙያው የሰጠው ደረጃ አልለቀቀውም። ከዐረብ፣ ከፋርስና ከመካከለኛው እስያ መጣን የሚሉት «አሽራፍ»፣ ማለትም የተከበሩ ተባሉ፤ ሰይድ፣ ሼኽ፣ ሙጋልና ፓታን የእነሱ መጠሪያ ነው። ኻን መጀመሪያ የቱርክና የሞንጎል ገዢዎች ማዕረግ ነበር። ከአገሬው የሰለሙት ባለሙያዎች «አጅላፍ»፣ ከሁሉ በታች የተደረጉት ጠራጊዎችና መሰሎቻቸው ደግሞ «አርዛል» ተባሉ። በ1901 እንግሊዞች ያካሄዱት የቤንጋል ሕዝብ ቆጠራ እንደመዘገበው፣ አርዛሎች መስጊድ መግባትና በጋራው መቃብር መቀበር ይከለከሉ ነበር። ይህ የሆነው ሱረቱል ሑጁራት በሚቀራበት አገር ነው!

የሸማኔው መጠሪያ «ጁላሃ» ነበር። በተረትና በቀልድ ውስጥ ጁላሃ ሁሌም ሞኝ ነው። (እኛስ «ቁጢት በጣሽ» ስንል አልኖርንም?) በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሸማኔዎቹ ተደራጁና «ሙእሚን» እና «አንሷሪ» ተብለን እንጠራ አሉ። ዘራቸውንም ረሱል መዲና ሲገቡ በቤታቸው ካረፉባቸው ከአቡ አዩብ አል-አንሷሪ ቆጠሩ። ሌሎችም ተከተሉ። ከብት አራጆችና ሥጋ ሻጮች ቁረይሺ፣ ፀጉር አስተካካዮች በሰልማን አል-ፋሪሲ ስም ሰልማኒ ሆኑ። ልብስ ሰፊዎች ኢድሪሲ ተባሉ፤ ልብስ በመስፋት የመጀመሪያው ናቸው ተብሎ የሚተረክላቸው ነቢዩ ኢድሪስ ናቸውና። ጥጥ በደጋን የሚነድፉት ደግሞ መንሱሪ ተባሉ፤ ስሙ ከመንሱር አል-ሐላጅ ነው፣ ሐላጅ ማለት በዐረብኛ ጥጥ ነዳፊ ነው።

ከአባት ውጭ ወዳለ ዘር ራስን ማስጠጋት በሐዲስ የተከለከለ መሆኑን እናውቃለን። ስለዚህ አንዳንድ አሽራፎች ይህን የስም ለውጥ ውሸት ብለው አጣጥለውታል። በእኔ እይታ ጥያቄው መጀመር ያለበት የሸማኔን ስም ስድብ ካደረጉት ሰዎች ነው።

ስሙ ከሁሉ በላይ የሚመዘነው በኒካህ ጊዜ ነው። በህንድ የሚበዛው የሐነፊ መዝሀብ «ከፋኣ» በሚለው የጥንዶች መመጣጠን ውስጥ ዘርንም ሙያንም ይቆጥራል። የሰይድ ቤተሰብ ልጁን ለአንሷሪ አልሰጥም ሲል ይህን ያነሳል። ረሱል ግን የአክስታቸውን ልጅ ዘይነብን ከባርነት ነፃ ለወጣው ለዘይድ ድረዋል።

እስካሁን ያነሳሁት በአብዛኛው የወንዶቹን ስም ነው። ሴቶቹ ብዙ ጊዜ የአባታቸውን የጎሳ መጠሪያ ትተው ቤገም፣ ኻኑም፣ ቢቢ ወይም ባኖ ይባላሉ። ቤገም የ«ቤግ»፣ ኻኑም የ«ኻን» አንስታይ ናቸው፤ ሁለቱም ከቱርክ ቋንቋ የመጡ የእመቤቶች ማዕረጎች ነበሩ። ዛሬ የሰይድም የሸማኔም ልጅ ቤገም ልትባል ትችላለች፤ በስሟ ብቻ የማንኛዋ ልጅ እንደሆነች አይታወቅም። አማቶቿ ግን አባቷን ይጠይቃሉ።