የግንበኛ ዕዳ ስንት ዓመት ይቆያል?

ከ3,700 ዓመት በፊት በባቢሎን፣ በሐሙራቢ ሕግ፣ የሠራው ቤት ተደርምሶ ባለቤቱን የገደለ ግንበኛ በሞት ይቀጣ ነበር። ግድግዳው ከዘመመ ደግሞ በራሱ ገንዘብ ያጠናክረዋል።

በ1804 እ.ኤ.አ. የወጣው የፈረንሳይ ፍትሐ ብሔር ሕግ ደም አልጠየቀም፤ ግንበኛውን ለ10 ዓመት ተጠያቂ አደረገው፤ በመሬቱ ጠባይ ለሚመጣ ጉዳት ሳይቀር።

ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግም ይህንኑ ይዟል። በአንቀጽ 3039 መሠረት ሥራ ተቋራጩ ካስረከበ በኋላ ለ10 ዓመት ዋስ ነው፤ ይህን ጊዜ የሚያሳጥር ውል ዋጋ የለውም።

ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጥቁር አፈር ላይ የቆመ ቤት ጉዱ በአንድ ክረምት አይወጣም። «የአንድ ዓመት ዋስትናው አልፏል» የተባለ አሠሪ የርክክብ ሰነዱን ያውጣ፤ የሕጉ ቆጠራ የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው።