የትንባሆ ማሰሪያ

ከ1864 እስከ 1881 ዓ. ም. የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን አጥብቀው ከለከሉ። የዘመኑ ተጓዦች እንደ ጻፉት፥ ትንባሆ የሚያጤስ ከንፈሩ፥ ሱረት የሚስብም አፍንጫው ይቈረጥ ነበር። ቅጣቱ ይህን ያህል ሲከብድ ትንባሆ ግን ከአገር አልጠፋም። ምክንያቱ ምንድር ነው ቢሉ፥ ማሰሪያው በአንጐል ነው እንጂ በከንፈር አይደለም።

በ1828 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ሁለት የጀርመን ሊቃውንት ከቅጠሉ ኒኮቲን የሚባለውን መርዝ ለይተው አወጡ። ይህም ከጢሱ ጋራ ወደ ሳንባ ገብቶ፥ በደም አድርጎ በጥቂት ሰኮንድ ከአንጐል ይደርሳል፤ ለጊዜው ደስ ያሰኛል፥ ሲጐድል ግን ያስቈጣል፥ እንቅልፍም ይነሣል።

በ2016 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት ከ100 ወንዶች 8 ያህሉ፥ ከ100 ሴቶች ግን 2 ያህሉ ብቻ የትንባሆ ተጠቃሚዎች ነበሩ። መርዙ ወንድና ሴት ሳይለይ ያስራል፤ ነገር ግን የሴት ማጤስ እንደ ነውር ስለሚቈጠር ብዙዎቹ ፊተኛውን ጢስ አልቀመሱትም።

በ2011 ዓ. ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 1112 ከንፈር አያስቈርጥም፤ 21 ዓመት ላልሞላው ትንባሆ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ልጅ ሳይታሰር ይጠበቃል፤ የታሰረውም በምክርና በመድኃኒት ይፈታል እንጂ በስለት አይፈታም።