የቮልሷ መስታወት

«ጠርዙን ትንሽ እንቁረጠውና ይገባል፤ ምን ችግር አለው?» አሉኝ ሽማግሌው መካኒክ። የአባቴን ቮልስ የፊት መስታወት ድንጋይ አድቅቆት፣ ሶማሌ ተራ ስንከራተት ሰንብቼ የገዛሁት ምትክ ከመኪናዋ ክፈፍ በለጠ። ጥፋቱ የራሴ ነው። ቮልስ ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር።

የቮልስን ዕድሜ ማወቅ የፈለገ ግን መስታወቷን ማየት ነው ያለበት። እስከ 1953 መጀመሪያ ድረስ (በፈረንጆቹ ልቁጠር) የኋላ መስታወቷ ለሁለት የተከፈለ ነበር። ከዚያ የመሃሉ ቆርቆሮ ቀረና እንቁላል መሰለ፤ በ1957 ደግሞ ሰፍቶ አራት ማዕዘን ያዘ። እኔን ጉድ የሠራኝ የ1965 ሞዴል ነው። ፋብሪካው ያኔ መስታወቶቹን በሙሉ አሰፋ፤ የፊተኛው በ11 በመቶ አደገ፣ ዝርግ የነበረውም በስሱ ጎበጠ። የአባቴ የ63 ናት። የገዛሁላት የታናሿን ነበር።

«አይሆንም ጋሼ፣ አይቆረጥም» አልኩ። መስታወቱን የያዘው ቆርቆሮ ጣሪያውንም ይሸከማል። ደግሞም ቢቆረጥ መኪናዋ የየትኛው ዘመን እንደሆነች ማን ያውቃል? መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይን ከቤተ መንግሥት ያወጧቸው በቮልስ ነው። ከዚያ ወዲያ ጎረቤት ሁሉ በአባቴ መኪና ይቀልድ ነበር፤ እሱ ግን አልሸጣትም። እኔ በግራይንደር ልጀምራት?

ትክክለኛው መስታወት የተገኘው ከአራት ወር በኋላ፣ ከቆመች አሮጌ ቮልስ ላይ ነው። የተሰበረው ሲደቅ እንደ ጨው የሚበተን ዓይነት ነበር። ይሄኛው በሁለት መስታወት መሃል ስስ ሽፋን የተጣበቀበት ነው፤ ፈረንሳዊው ኤድዋር ቤኔዲክተስ በ1909 በስሙ ያስመዘገበው ዘዴ ውጤት። ቢሰነጠቅ እንኳ ፊት ላይ አይዘንብም።

አገጣጠሙ ከጠበቅኩት በላይ ቀላልም አስፈሪም ነው። ሽማግሌው መጀመሪያ ጎማውን በመስታወቱ ዙሪያ አለበሱት። በጎማው የውጭ ስንጥቅ ውስጥ ሲባጎ ዙሪያውን ቀበሩና ሁለቱን ጫፎች ከታች አሳልፈው ተዉአቸው። ሳሙና ውሃ ቀቡት። እኔ ከውጭ በመዳፌ እጫናለሁ፤ እሳቸው ከውስጥ ተቀምጠው ሲባጎውን ቀስ እያሉ ይስባሉ። ሲባጎው በወጣ ቁጥር የጎማው ከንፈር ቆርቆሮውን ተሻግሮ ይቀመጣል። የላይኛው ጥግ ላይ ስንደርስ እንቢ አለ፤ እኔም ጨከን ብዬ ገፋሁ።

«ቀስ! ጥግ ላይ አይገፋም፣ ይሰነጠቃል!»

እጄን አነሳሁ። ሳሙና ጨመሩ፣ ጎማውን በጣታቸው አባበሉት፣ እንደገና ሳቡ። ገባ። የረጠበውን ሲባጎ ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱ።

የአሮጌው መስታወት ፍርፋሪ እስካሁን ከወንበሩ ሥር ይወጣል።