ትርፍ ቤት

ኢትዮጵያ ውስጥ የአከራይና የተከራይ ግንኙነት በሕግ የተሻረበት ቀን አለ፤ ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.። የዚያን ቀን የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ በሙሉ የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ከሚኖርበት ሌላ ያለውን መኖሪያ ቤት ደግሞ «ትርፍ» ብሎ ሰየመና ወሰደ። አዋጁ ረጅም ስም አለው፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ «የትርፍ ቤት አዋጅ» ነው የሚለው።

ይህን የማነሳው የእኛ ዕድሜ ወሬ ዞሮ ዞሮ እዚያው ቤት ላይ ስለሚያርፍ ነው። እኔ የምተዳደረው ኮድ በመጻፍ ነው። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ቡና ላይ ሲሰበሰቡ ጨዋታው ከየትም ይጀምር፣ መጨረሻው «ሁለተኛ ገቢ» ነው። አንዱ ገና መሠረቱ ላልተቆፈረ አፓርታማ ቅድሚያ ክፍያ ከፍሏል። ሌላዋ ከእህቷ ጋር ኮንዶሚኒየም ገዝታ አከራይታለች። አሁን እኔንም እየጠየቁኝ ነው፤ ለሦስት ሆነን ባለ አንድ መኝታ እንግዛና እናከራይ ነው ሐሳቡ። ሠንጠረዡን እንኳ በኤክሴል ሠርተው ጨርሰዋል፦ የካሬ ዋጋ፣ የባንክ ወለድ፣ የዋጋ ንረት፣ የዶላር ምንዛሬ፣ በስንት ዓመት ገንዘባችን እንደሚመለስ። ጥሩ ሠንጠረዥ ነው። ግን ይህን ሒሳብ ከእኛ በፊት አያቶቻችን ሠርተውታል፤ ምን ላይ እንዳደረሳቸውም ይታወቃል።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ቦታ የሚገኘው በስጦታ ነበር። ለመኳንንቱና ለጦር አለቆቹ ጉብታ ጉብታው ተሰጠ፤ አለቃው ከላይ፣ ተከታዩ ዙሪያውን ሰፈረ። በሹም ስም የሚጠሩት የድሮ ሰፈሮች የዚያ ዘመን ትዝታ ናቸው። በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ምኒልክ ያወጡት የቦታ ሕግ ደግሞ የከተማዋን መሬት የሚሸጥ፣ የሚለወጥ የግል ንብረት አደረገው። ከዚያ በኋላ ከተማዋ እያደገች፣ ሰው እየበዛ ሄደ፤ መሬቱ ግን አብዛኛው በጥቂት ባለርስቶች፣ በቤተ መንግሥትና በቤተ ክህነት እጅ ቀረ። ከየክፍለ ሀገሩ ሥራ ፍለጋ ለመጣ ሰው የነበረው ምርጫ መከራየት ነው። አንዱ ቤት ይከራያል፤ ሌላው ባዶ ቦታ ተከራይቶ የራሱን ጭቃ ቤት ያቆምበታል።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ግን ሌላ ዓይነት አከራይም እየበዛ መጣ። ራስ ወይም ደጃዝማች አይደለም። አስተማሪ ነው፣ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነው፣ ሃምሳ አለቃ ነው፣ ጠጅ የምትጥል ሴት ናት። እነዚህ ሰዎች ገንዘብ ሲተርፋቸው ሁለት ሦስት ክፍል ጭቃ ቤት ይሠሩና ያከራያሉ። ለምን ቤት? ምክንያቱ ቀላል ነው። የጡረታ ሕግ የወጣው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን የሚሸፍነውም የመንግሥት ሠራተኛን ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኛ በአገር አቀፍ ደረጃ የጡረታ አዋጅ ያገኘው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ አዎ፣ እኛ ተማሪ ቤት እያለን። ጠጅ ለምትሸጥ ሴት ደግሞ ምንም አልነበረም። ስለዚህ የኋላ ኋላ የምትጦረው ልጅ ወይ ቤት ነው። ልጅ ሊሞት፣ ሊርቅ ይችላል፤ ቤት ግን የትም አይሄድም ተብሎ ይታመን ነበር።

የ1967ቱ አዋጅ የመጣው እዚህ ላይ ነው። መግቢያው ያነጣጠረው በትልልቆቹ ላይ ነው፤ ጥቂት ባላባቶች፣ ሹማምንትና ባለሀብቶች የከተማውን ቦታ ይዘው ሆን ብለው እጥረት እየፈጠሩ ኪራይ እያስወደዱ ነው ይላል። ይህ የፈጠራ ክስ አልነበረም። ተከራዩ የከተማው ሰው እውነተኛ ምሬት ነበረበት። ከአምስት ወር በፊት፣ በየካቲት 25 ቀን 1967፣ የገጠር መሬት ከባለርስቱ ወጥቶ ነበር፤ የከተማው ተራ እንደሚደርስ ብዙ ሰው ጠብቋል።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ይኖረዋል፤ መኖሪያ የሚሠራበት ቦታም ከ500 ካሬ ሜትር አይበልጥም። ከአንድ በላይ ቤት ያለው የሚኖርበትን ይመርጣል፣ የቀረውን ያስረክባል። ለመሬቱ ካሣ የለም። ኪራዩ ዝቅ ይላል፤ ትልቁ ቅናሽ ለዝቅተኛው ከፋይ ሆኖ እስከ ግማሽ ይደርሳል። በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ለማዕከላዊው መንግሥት። ሁለተኛዎቹ በኋላ «ኪራይ ቤቶች» የምንለው መሥሪያ ቤት፣ ዛሬ ደግሞ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን የሚያስተዳድራቸው ናቸው። የመጀመሪያዎቹን ሁላችንም «የቀበሌ ቤት» ብለን እናውቃቸዋለን።

ሕጉን እንደ ኮድ ሳነበው አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ይገባል። መስፈርቱ ሀብት አይደለም፣ ቁጥር ነው። ከአንድ በላይ ከሆነ ትርፍ ነው፤ በቃ። መቶ ቤት ያለው መስፍንም፣ ሁለት ቤት ያላት ባልቴትም አንድ ቤት ይዘው ይቀራሉ። ሌላ መተዳደሪያ ለሌለው መጦሪያ እንደሚሰጥ አዋጁ ቢያስብም፣ መስመሩ ያው አንድ መስመር ነው። በአማርኛ «ትርፍ» ነጋዴው ደክሞ ያገኘውም ነው፤ ከበቂ በላይ ሆኖ የተቀመጠውም ነው። አዋጁ ሁለተኛውን ትርጉም ይዞ መጣ፤ ቤታቸው የተወሰደባቸው ብዙዎቹ ሰዎች የሚያውቁት የመጀመሪያውን ነበር።

በእኔ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም ወገን አለ።

የእናቴ እናት ባሏ ወታደር ነበር፤ ሞተባት። ጠላና አረቄ እየሸጠች ሌላ ሰፈር ሁለት ጭቃ ቤት ሠርታ አከራየች። ሁለቱም ትርፍ ሆኑ። እስክትሞት ድረስ ስለ ፖለቲካ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን አንድ አባባል ነበራት፦ «ቤት አይደለም የወሰዱብኝ፣ ጡረታዬን ነው።»

የአባቴ እናት ደግሞ ተከራይ ነበረች። አምስት ልጅ በአንድ ክፍል ውስጥ ታሳድጋለች፤ ኪራይ 12 ብር። አከራይዋ ደስ ባለው ጊዜ እንድትወጣ ይነግራት ነበር። ከአዋጁ በኋላ 12ቱ ብር 6 ሆነ፣ «ውጪ» የሚላትም ጠፋ። አባቴ ተምሮ ሰው የሆነው በዚያ 6 ብር ነው ብትል አልዋሸችም። «ደርግ የልጅ አገር አጥፍቷል፤ ይህችን ቤት ግን እሱ ነው የሰጠኝ» ትል ነበር፤ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ።

ሁለቱ አያቶቼ በእናትና አባቴ ሠርግ ተገናኝተው፣ ሞት እስኪለያቸው ድረስ ቡና ተጠራርተዋል። ስለ ቤት ሲያወሩ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ሰው ብዙም የማያስተውለው፣ ቀበሌ የተወለደው ከዚሁ የቤት አዋጅ መሆኑን ነው። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር የተቋቋመው ኪራይ ሊሰበስብ፣ ቤት ሊጠግን፣ የጎረቤት ክርክር ሊዳኝ፣ በኪራዩ ገንዘብ መንገድና መጸዳጃ ሊሠራ ነበር። ሐሳቡ ሲታይ መልካም ነው፤ ኪራይ የባለርስቱ ገቢ መሆኑ ቀርቶ የሰፈሩ ገቢ ይሆናል። ግን ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቀበሌው ጠመንጃ ያዘ፤ በቀይ ሽብር ዘመን ቤት ለቤት አሰሳ የሚካሄደው በእሱ በኩል ሆነ። ማን የት ክፍል ውስጥ እንደሚያድር አብጠርጥሮ የሚያውቅ ድርጅት፣ ኪራይ ከመሰብሰብም በላይ ማድረግ ይችላል።

ኪራዩ በዚያው ረግቶ ቀረ። ብር ሲረክስ 6 ብር 6 ብር ሆኖ ቆየ፤ በዚያ ገንዘብ ጣራ አይቀየርም። ለማከራየት ቤት የሚሠራ የለም፤ የከተማው ሰው ግን ይወልዳል፣ ከገጠርም ይመጣል። ሰው ወደ ላይ ቆጥ ሠራ፣ ወደ ጎን ጓዳ ለጠፈ። ከዚያም በአዋጅ የተሻረው ነገር በመጋረጃ ተመለሰ፤ ደባል መጣ። የአባቴ እናት ልጆቿ ከፍ ከፍ ሲሉ ያችን የቀበሌ ክፍል በመጋረጃ ከፍላ ለአንዲት ልብስ ሰፊ አልጋ አከራይታለች። ከደባሏ የምትቀበለው ለቀበሌው ከምትከፍለው ይበልጥ ነበር። ከአከራይ የዳነችው ተከራይ፣ ራሷ አከራይ ሆነች። ይህን የምለው ልወቅሳት አይደለም። የዘይትና የሽንኩርት መግዣ ፈልጋ ነው፤ የእናቴ እናት ሁለቱን ጭቃ ቤት የሠራችበትም ምክንያት ይኸው ነበር።

ደርግ በ1983 ሲወድቅ ብዙ ባለቤቶች ቤታችን ይመለሳል ብለው ጠበቁ። ከአዋጁ ውጭ ያለ አግባብ ለተወሰደ ንብረት የማስመለሻ መንገድ ተከፈተ፤ በአዋጅ 47 መሠረት የተወሰደው ግን አልተመለሰም። በ1986 መሬት በሊዝ ሆነ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው አለ። ማከራየት ግን እንደገና ሕጋዊ ኑሮ ሆነ። ግቢ ያለው ሁሉ ከጓሮው ሰርቪስ ቤት ደረደረ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ኪራይ የተጻፉ አንቀጾች ነበሩ፤ በተግባር ግን ዳኛው ደላላው ነበር። «በሚቀጥለው ወር ጨምር ወይ ልቀቅ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ያልሰማ የእኔ ዕድሜ ተከራይ ካለ አላገኘሁትም።

ከዚያ ኮንዶሚኒየም መጣ። ከ1997 እና 1998 ዓ.ም. ጀምሮ የተገነቡት ቤቶች የታሰቡት አነስተኛ ገቢ ላለው ሰው ነበር፤ 20 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ፣ ቀሪው የባንክ ብድር፣ ዕድሉ በዕጣ። ዕጣው የወጣለት ብዙ ሰው ግን ወርሃዊ ክፍያውን ስላልቻለው ቤቱን አከራይቶ፣ ራሱ ርካሽ ቤት ተከራይቶ ኖረ። እንግዲህ በአንድ ጊዜ አከራይም ተከራይም የሆነ ሰው ተፈጠረ። ለድሃ መኖሪያ የተሠራው ቤት የድሃው «ሁለተኛ ገቢ» ሆኖ አረፈ። የቀበሌ ቤቶቹ ደግሞ በመልሶ ማልማት በየተራ ፈረሱ፤ በቅርብ ዓመታት ፒያሳና ካዛንቺስም ተከተሉ። የአባቴ እናት ክፍልም ከሰፈሯ ጋር ፈርሳለች። ሳታይ ሞተች።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት እንደገና በአከራይና በተከራይ መካከል ገባ፤ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ወጣ። ውሉ ተጽፎ ይመዘገባል፣ ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ጭማሪው መንግሥት በሚያሳውቀው ልክ ነው። የ1967ቱ ሕግ አከራይን አጠፋ፤ ይህኛው አከራይን ትቶ አጥር ሠራለት። መነሻቸው ግን አንድ ነው፦ አብዛኛው ሰው ተከራይ የሆነበት፣ ተከራዩም መክፈል ያቃተው ከተማ።

ለሥራ ባልደረቦቼ የምነግራቸውም ይህንኑ ነው። «ቤት አይከስርም» ሲሉኝ 1967ን አስታውሳቸዋለሁ። «እሱ የደርግ ጊዜ ነው፣ አይደገምም» ይሉኛል። ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ እኔም ቤት ተወርሶ ይወሰዳል ብዬ አልሰጋም። ግን የትኛው ትርፍ ጥረት፣ የትኛው ትርፍ ግፍ እንደሆነ መስመሩን የሚያሰምረው ባለቤቱ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ተከራዩም ያሰምራል። ተከራዩ ሲጨንቀው መንግሥት ይሰማል፤ መንግሥት ሲሰማ ደግሞ የባልቴቷን ሁለት ቤት ከመስፍኑ መቶ ቤት አስተካክሎ የሚለይ ሕግ ሁልጊዜ አይጽፍም።

ሌላም ነገር አለ። የእናቴ እናት ተከራዮች እነማን እንደነበሩ አላውቅም። አንደኛዋ የአባቴን እናት የመሰለች፣ በአንድ ክፍል አምስት ልጅ የምታሳድግ ሴት ልትሆን ትችል ነበር። እኔ የሁለቱም የልጅ ልጅ ነኝና አንዷን ብቻ ይዤ ሒሳብ መሥራት ያስቸግረኛል።

ስለዚህ በግዢው እገባለሁ አልገባም ገና አልወሰንኩም። ሠንጠረዡ ላይ ግን አንድ ዓምድ ጨምሬ መልሼ ልኬላቸዋለሁ። ርዕሱ «ተከራዩ ከደመወዙ ስንት እጅ ይከፍለናል?» ይላል። እዚያ ዓምድ ውስጥ የእኛኑ ቢሮ የጀማሪ ሠራተኛ ደመወዝ አስገብቼ ስሠራው፣ ከግማሽ በላይ መጣ። ሦስታችንም አሁን ኪራይ ከፋዮች ነን። እስካሁን ማንም መልስ አልጻፈልኝም።